ከትምህርት መልስ ለልጆቻችን ምን እናስተምራቸው?

ከዚህ በፊት በነበሩን ዝግጅቶች ስለ ወባ፣ ስለ ንጹሕ ውሃና ስለ ሕፃናት ክትባት ስንነጋገር ቆይተናል። የዛሬው ዝግጅታችን ብዙ ጊዜ ስለምንዘነጋቸው ልጆች ነው፤ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 14 ዓመት ስለሆነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ያለውን ጊዜ የጉርምስና ዕድሜ ይለዋል። የዛሬዎቹ ገና በዚህ ዕድሜ መግቢያ ላይ ያሉት፣ አፍላ ወጣቶች የምንላቸው ናቸው። ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት እንመዝናለን፤ ነፍሰ ጡር እናቶችን እንከታተላለን። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ግን ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ተደባድቦ ግንባሩ ሲፈነከት ነው። ቁስሉ ይታጠባል፣ ይሰፋል፣ ልጁም ወደ ቤቱ ይላካል። ለምን እንደተደባደበ የሚጠይቀው የለም።

‹‹ልጄ ካርቱም እያለን እንዲህ አልነበረም›› የሚለውን አነጋገር ከእናቶች ደጋግመን እንሰማለን። አንዷ ወንድ ልጇ በሆነው ባልሆነው እንደሚቆጣ፣ ሌላዋ ሴት ልጇ ከሰው ጋር መጫወት ካቆመች ወራት እንዳለፉ ትናገራለች። አባቶች ደግሞ ‹‹ጠግቦ ነው›› ይላሉ። በራሽን የሚጠግብ ልጅ ካለ እኛም ብናየው ደስ ይለናል። ነገሩ ግን ጥጋብ አይደለም።

ጦርነቱ ካርቱም ላይ የጀመረው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ቅዳሜ ነበር፤ ለክርስቲያኖቻችን የፋሲካ ዋዜማ፣ ለሙስሊሞቻችን የረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት። ለበዓል ሽንኩርት ሲከተፍ ተኩስ የተሰማበትን ያን ጠዋት እዚያ የነበረ ሰው አይረሳውም። ያኔ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ሕፃናት የነበሩት ናቸው ዛሬ አፍላ ወጣቶች የሆኑት። ብዙዎቹ ከካርቱም ወደ ዋድ መደኒ ወጡ፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ውጊያው መደኒ ሲደርስ እንደገና ተነሥተው ሸሹ። ሁለተኛው ስደት ከመጀመሪያው የሚከብድበት ምክንያት አለ። ልጅ የመጀመሪያውን ‹‹ያልፋል›› ተብሎ ያልፈዋል፤ በሁለተኛው ግን ‹‹ያልፋል›› የሚለውን ቃል ማመን ያቆማል።

ትምህርትም ተቋረጠ። ዩኒሴፍና ሴቭ ዘ ችልድረን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 በሱዳን 19 ሚሊዮን ያህል ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን አስታውቀው ነበር። ትምህርት ቤት የሚሰጠው ፊደልና ሒሳብ ብቻ አይደለም። ልጅ ተራ መጠበቅን፣ በጨዋታ መሸነፍን፣ ከተጣላው ጋር መታረቅን፣ የማይወደውን ልጅ ታግሦ አብሮ መቀመጥን የሚለማመደው እዚያ ነው። ፊደሉን ዘግይቶም ቢሆን ያሟላዋል። ሌላውን ግን የሚያስተምረው ሰው ካላገኘ ከመንገድ ይማረዋል፤ መንገድ ደግሞ የሚያስተምረውን ሁላችንም እናውቃለን።

ይህ ሲባል ግን ልጆቻችን ባዶ ናቸው ማለት አይደለም። ጀሪፍ ወይም ሰሃፋ ወይም ዴም ያደገን የሐበሻ ልጅ አስቡት። እቤት አማርኛ ወይም ትግርኛ፣ ከደጅ ዓረብኛ ይናገራል። እናቱ ሆስፒታል ስትሄድ አስተርጓሚዋ እሱ ነው። ከሻ ሲመጣ ከሩቅ አይቶ ለሰፈሩ ሰው የሚነግረው እሱ ነው። ባለሱቁ ዛሬ ዱቤ ይስጥ አይስጥ ፊቱን አይቶ ያውቃል። ይህ ቀላል ችሎታ አይደለም፤ ትልልቅ ሰዎችም ሁሉ የላቸውም። ጉድለቱ በሌላ በኩል ነው። ልጁ የሰውን ፊት ማንበብ ተምሯል፤ የራሱን ስሜት ማንበብ ግን አልተማረም። የተማረው መደበቅን ነው። ፖሊስ ፊት የሚያለቅስ ልጅ ቤተሰቡን ያጋልጣልና ዝም ማለትን ለመደ። እዚህ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ዓረብኛውን የሚፈልግ የለም፤ እናቱ ጉዳይዋን በራሷ ቋንቋ ትጨርሳለች። የቤቱ አስተርጓሚ የነበረው ልጅ ሥራ ፈት ሆነ። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ጡረታ ወጣ ማለት ይቻላል። ቢናደድ ምን ይገርማል?

ለዚህ ዕድሜ የሚያስፈልገውን ትምህርት ባለሙያዎች የማኅበራዊና የስሜት ክህሎት ይሉታል። ስሙ አዲስ ቢመስልም ነገሩ ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም። አገር ቤት በትምህርት ቤት የፀረ ኤድስ ክበብ ውስጥ የነበራችሁ ‹‹የሕይወት ክህሎት›› የሚለውን ሥልጠና ታስታውሳላችሁ። እሱም የመጣው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ካወጣቸው አሥር ክህሎቶች ነው። ራስን ማወቅ፣ የሌላውን ችግር እንደራስ መረዳት፣ ስሜትን መቆጣጠር፣ ጭንቀትን መቋቋም፣ ችግርን መፍታት፣ በአግባቡ መነጋገር ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

የትምህርቱ ጊዜ ከትምህርት መልስ ነው። ልጁ ከክፍል ወጥቶ እስኪመሽ ድረስ ባሉት ሰዓቶች ወላጅ ሥራ ፍለጋ ላይ ወይም ራሽን ሰልፍ ላይ ነው፤ ልጁ ብቻውን ነው። እነዚህን ሰዓቶች ለመሙላት ብዙ ጊዜ የሚደረገው ልጆቹን ሰብስቦ ኳስ መስጠት ነው። ኳስ መልካም ነገር ነው፤ እኛም አንጠላውም። ነገር ግን ኳስና ካኒቴራ ታድሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ‹‹ልጆቹ ተማሩ›› ሲባል መስማት ሰልችቶናል።

ይህ የእኛ ቅሬታ ብቻ አይደለም፤ በጥናትም የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዱርላክ፣ ዌይስበርግና ፓቻን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚሰጡ 69 ፕሮግራሞችን ውጤት አንድ ላይ መርምረው አሳትመዋል። አንዳንዶቹ ፕሮግራሞች ልጆቹን በግልጽ ጠቅመዋል፤ ልጆቹ ለራሳቸው ያላቸው ግምት ጨምሯል፣ ጠበኝነታቸው ቀንሷል፣ በትምህርታቸውም በርትተዋል። ሌሎቹ ግን ያን ለውጥ አላሳዩም። የጠቀሙት ትምህርቱን በቅደም ተከተል የሚሰጡ፣ ልጆቹ በተግባር እንዲለማመዱ የሚያደርጉ፣ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ጊዜ የሚመድቡና ‹‹ዛሬ የምንማረው ይህን ነው›› ብለው ክህሎቱን በስሙ የሚጠሩት ናቸው። አራቱ ባልተሟሉበት ልጆቹን መሰብሰብ ብቻውን ብዙ አልፈየደም።

በስደተኛ ካምፖችና በአደጋ ጊዜ የሚከፈቱት ለሕፃናት ምቹ ቦታ የሚባሉትም ተጠንተዋል። ጥናቱ በአምስት አገሮች የተካሄደ ሲሆን ከመካከላቸው አንዱ በአገራችን ዶሎ አዶ አካባቢ በቡራሚኖ ካምፕ የነበሩት የሶማሊያ ስደተኞች ናቸው። ከ6 እስከ 11 ዓመት ያሉት ሕፃናት መጠነኛ ጥቅም አግኝተዋል፤ ከ12 ዓመት በላይ ባሉት ላይ ግን ይህን ያህል የሚታይ ለውጥ አልተገኘም። ትንሽ ሕፃን ሰላማዊ ቦታና መጫወቻ ካገኘ ይረካል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ግን መጫወቻውን ሲያይ ‹‹እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?›› ብሎ ይሄዳል። ለእሱ ሌላ ነገር ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ለስሜቱ ስም ማግኘት ነው። ይህ ክፍል ብዙ ሰው የሚያቃልለው ስለሆነ ረዘም አድርገን እንነጋገርበት። የካርቱምን ልጅ ‹‹እንዴት ነህ?›› ብትሉት ‹‹ማፊ ሙሽኪላ›› ይላችኋል። እናቱ ታማ ‹‹ማፊ ሙሽኪላ››፣ ጓደኛው ጠፍቶበት ‹‹ማፊ ሙሽኪላ››። ሲብስበት ደግሞ ‹‹ተናደድኩ›› ይላል። በሁለት ቃል መካከል የሚኖር ልጅ ነው። ቋንቋችን ግን በዚህ በኩል ድሃ አይደለም። ሆድ መባስ ሌላ ነው፣ መከፋት ሌላ ነው፣ ማፈር ሌላ ነው። መቅናት፣ መፍራት፣ መጨነቅ፣ መናፈቅ፣ መቀየም፣ ማኩረፍ፣ ተስፋ መቁረጥ አለ። እያንዳንዱ ስም መድኃኒቱ የተለየ ነው። የናፈቀው ልጅ ስለናፈቀው ሰው የሚያወራው ያስፈልገዋል። ያፈረው ልጅ ሰው የማያይበት ቦታ ቀስ ብሎ የሚያናግረው ይፈልጋል። የፈራው ልጅ አብሮት የሚሆን ሰው ይሻል። ሁሉም ‹‹ተናደድኩ›› ከተባለ ግን የሚገኘው መልስ ቁጣ ብቻ ነው።

ኩርፊያን ለምሳሌ ውሰዱ። የእኛ ልጅ ሲያዝን አይናገርም፤ ያኮርፋል። ምግብ አልበላም ይላል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። በድሮው ቤት ኩርፊያ ራሱ መልእክት ነበር፤ አያት ወይም ጎረቤት መጥታ ‹‹ምን ሆነህ ነው አባ?›› ብላ ታባብላለች። ያ አባባይ ሰው ዛሬ የለም። አያትየው አገር ቤት ናት፣ ጎረቤቷ በስደት ተበትናለች። ኩርፊያው ግን አለ፤ የሚሰማው ሳያገኝ ቀናት ይቆያል፣ ከዚያ በዱላ ይወጣል። ስለዚህ ልጁ ‹‹አኮረፍኩ›› ከማለት አልፎ ‹‹እንዲህ ስላላችሁኝ ከፍቶኛል›› ብሎ መናገርን መማር አለበት። ለወንዶች ልጆች ይህ ይበልጥ ይከብዳል፤ ‹‹ወንድ ልጅ አያለቅስም›› ተብለው ነው ያደጉት። ያላለቀሰ ሁሉ አላዘነም ማለት እንዳልሆነ የጤና ባለሙያ ሳይሆን ማንም ያውቀዋል።

እንግዲህ አንድ ከሰዓት በኋላ ምን ይመስላል? ከአሥር ሰዓት ጀምሮ አንድ ሰዓት ተኩል በቂ ነው። ልጆቹ ከሃያ ባይበልጡ ይመረጣል። ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ዳስ ከሌለ የዛፍ ጥላም ይሆናል። መጀመሪያ እያንዳንዱ ዛሬ የተሰማውን በአንድ ቃል ይናገራል፤ ‹‹ማፊ ሙሽኪላ›› የተከለከለ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ይሣሣቃሉ፤ ይሣቁ። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ‹‹ናፍቆኛል›› ይላል፣ ሣቁም ይቆማል። ከዚያ የዕለቱ ክህሎት በስሙ ይነገራል። ለምሳሌ ‹‹ዛሬ የምንማረው ሳንሳደብና ሳንፈራ መብታችንን መጠየቅ ነው›› ይባላል። ቀጥሎ ድራማ ነው። ቧንቧው ጋ ወረፋ አለ። አንዲት ልጅ ጀሪካኗን ይዛ ቆማለች፤ ሌላ መጥቶ ከፊቷ ይገባል። ልጆቹ መጀመሪያ እንደለመዱት ይሠሩታል፤ አንዷ ዝም ትላለች፣ አንዱ ይገፈትራል። ከዚያ ሦስተኛውን መንገድ ይሞክራሉ፤ ‹‹ተራው የእኔ ነበር። ስትገባብኝ ከፋኝ። እባክህ ከኋላዬ ሁን።›› የገባችው ትልቅ ሴት ብትሆንስ? ‹‹እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ተራው የእኔ ነበር›› ማለት ነውር አይደለም፤ አክብሮትና መብት አብረው ይሄዳሉ። ካልሰሙስ? ወደ ውሃ ኮሚቴው መሄድ ነው። ልጆቹ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ገፍታሪው ተገፍታሪ ይሆናል። ይህ መለዋወጥ ከሁሉም ይበልጣል፤ አንድ ልጅ ራሱ ሲገፈተር የሚማረውን አሥር ምክር አያስተምረውም።

በዚያው ቀን ሁለት አዳዲስ ነገር መጨመር አያስፈልግም። በሚቀጥለው ሳምንት የባለፈው ይጠየቃል፤ ‹‹ማን ሞከረው? ምን ሆነ?›› ያልተሳካለትም ይናገራል።

ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ አተነፋፈስ መሆን አለበት። ልብ ሲመታ፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ ምክር አይሰማም። ልጁ እጁን ሆዱ ላይ ያደርጋል። በአፍንጫው ቀስ ብሎ እስከ ሦስት እየቆጠረ አየር ያስገባል፤ እስከ ሦስት እየቆጠረ ቀስ ብሎ ያስወጣል። ሆዱ እንደ ፊኛ ከፍ ዝቅ ማለት አለበት እንጂ ትከሻው አይነሣም። ለጥቂት ደቂቃ ይደጋግመዋል። ይህ ሲረጋጋ መለማመድ ያለበት ነገር ነው፤ በተናደደበት ሰዓት ‹‹ተንፍስ!›› ብሎ መጮህ ዋጋ የለውም። የዚህ ዕድሜ ልጅ አእምሮ ገና እያደገ ነው። ስሜትን የሚቀሰቅሰው ክፍል ቀድሞ ይነቃል፤ ልጓም የሚይዘው የፊተኛው ክፍል ግን እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ አይጠናቀቅም። እኛ ትልልቆቹም በዚያ ዕድሜ ምን እንደነበርን ብናስታውስ አይከፋም።

ማን ያስተምር? የተማረ ሐኪም መጠበቅ አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2023 ለዚሁ ዕድሜ፣ በተለይ ጭንቀትና ሐዘን ለበዛባቸው ልጆች፣ በአጭሩ ‹‹ኢዝ›› የሚባል መመሪያ አውጥተዋል። በአጭር ጊዜ የሠለጠኑ፣ ባለሙያ ያልሆኑ ሰዎች በባለሙያ እየታገዙ የሚመሩት ነው። ለልጆቹ ሰባት፣ ለአሳዳጊዎቻቸው ሦስት ስብሰባ አለው። ስሜትን ማወቅ፣ ሰውነትን ማረጋጋት፣ ያቆሙትን መልካም ሥራ መልሶ መጀመርና ችግርን መፍታት በቅደም ተከተል ይሰጣሉ። በዮርዳኖስ በሶሪያ ስደተኞች ልጆች ላይ ተሞክሮ ከሦስት ወር በኋላ የልጆቹ ጭንቀትና ሐዘን ቀንሶ ተገኝቷል።

ከአገራችን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ የተጀመረው ብሩህ ተስፋ የተባለው ፕሮግራም አለ። የታሰበው ከትምህርት ውጭ ለሆኑ ልጃገረዶች ነው፤ ብዙዎቹ ከገጠር መጥተው በሰው ቤት የሚሠሩ ነበሩ። ልጆቹን ያሰባሰቡት ከዚያው ሰፈር የተመረጡ ሴቶች ናቸው። ቤት ለቤት እየዞሩ፣ አሠሪዎችን እያግባቡ መዘገቧቸው፤ በሳምንት ጥቂት ቀን እየሰበሰቡ ማንበብና መጻፍ ከሕይወት ክህሎት ጋር አስተማሯቸው። በኋላ ሲጠየቁ፣ ችግር ሲገጥመን የሚደግፈን ሰው አለ ብለው በብዛት የመለሱት ፕሮግራሙ ውስጥ የነበሩት ልጃገረዶች ናቸው።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛም ዘንድ ከትምህርት መልስ የሚጠፉት ልጃገረዶቹ ናቸው። ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ታናሽ መያዝ የእነሱ ሥራ ነው። ወንዱ ኳስ ሜዳ ነው። ‹‹ሴቶቹ አይመጡም›› ብሎ መዝገብ ከመዝጋት እንደ መርካቶዎቹ ሴቶች እቤት ድረስ ሄዶ እናትን ማነጋገር ይሻላል። ታናሽዋን አዝላም ብትመጣ ትምጣ። ጸሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤት መመለስ አለባቸው፤ አስተማሪዎቹም ሁለት ሆነው ሰው በሚያይበት ቦታ ይሁኑ። አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው በተዘጋ ቦታ መሆን የለበትም፤ ይህ የማንንም ስም ለማጥፋት ሳይሆን ለሁሉም ደህንነት ነው።

ወላጆች ሆይ፣ እናንተም ሥራ አለባችሁ። ልጁ በምንጣፉ ላይ ‹‹ከፋኝ›› ማለትን ተምሮ እቤት ሲለው ‹‹ዝም በል! ምን አለህና ይከፋሃል?›› ከተባለ ሁለተኛ አይናገርም። በቀን አሥር ደቂቃ ሥራ ይዛችሁም ቢሆን፣ ቡና እየቆላችሁም ቢሆን፣ አዳምጡት። መፍትሔ አትፈልጉለት፤ ‹‹እሺ፣ ከዚያስ?›› በሉት። ማታ መብራት በሌለበት እንቆቅልሽ ብትጠያየቁም ጥሩ ነው፤ ተራ መጠበቅና መሸነፍ በዚያም ይለመዳል። ዱላና ቁንጥጫ የሚያስተምረው አቅም ያለው መምታት እንደሚችል ነው፤ ልጁም ያንኑ ቧንቧው ጋ ይዞት ይሄዳል።

አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። ልጆቹ በካርቱም ወይም በመንገድ ላይ ያዩትን እንዲናገሩ ማስገደድ አይገባም። በተለይ በሰው ፊት ‹‹ያየኸውን ንገረን›› ማለት ቁስልን መነካካት ነው። ራሱ መናገር ከጀመረ ሳታቋርጡ ስሙት፤ ካልፈለገ ተዉት።

ክህሎት ማስተማር የሁሉ ነገር መድኃኒት አይደለም። ልጁ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ አልጋ ላይ መሽናት ትቶ ከነበረ እንደገና ከጀመረ፣ ከሰው ሙሉ በሙሉ ከተለየ፣ ምግብ ካቆመ፣ ራሱን ከጎዳ ወይም ስለ መሞት ካወራ ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት። ስለ መሞት የሚያወራን ልጅ ‹‹ያስፈራራል እንጂ አያደርገውም›› አትበሉ፤ ብቻውንም አትተዉት፣ በዚያው ቀን አምጡት። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅም የመንፈስ ነው ተብሎ ከሌሎቹ አይገለል፤ መድኃኒት አለው። ጸበልም ዱዓም የምትሉ፣ ያን ስላደረጋችሁ መድኃኒቱን አታቋርጡ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን በዝናብ ወራት የውሃ ማጠራቀሚያን እንዴት ንጹሕ አድርገን እንደምንይዝ እንነጋገራለን። እስከዚያው በደህና ሰንብቱ።